ከነጆንያው የተመዘነ ቅጣት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሸሕዲ መናኸሪያ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ሰው ያስቆመኛል። ስለ አንበጣው፣ ስለ ሰሊጥ ገበያው፣ ድንበሩ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ስለሠራኋቸው ዜናዎች የሚጠይቀኝ የለም። የሚሉኝ፣ "ጋሼ፣ ያ የጆንያው ክርክር መጨረሻው ምን ሆነ?" ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ሬዲዮ ላይ ሠርቼ በአንድ ጆንያ መታወሴ መጀመሪያ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። አሁን ተስማምቶኛል። ስለዚህ ነገሩ በወሬ ከመለወጡ በፊት እንደነበረ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት ጎንደር ነው። አለቃዬ አቶ ተገኘ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ የሚል ሰው ነበሩ። ዜና ጽፌ ስሰጣቸው አያነቡትም። "ናማ" ብለው ወደ ግቢው በር ይወስዱኝና ለጥበቃው እንዳነብላቸው ያዝዙኛል። ጥበቃው ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አቶ ተገኘ፣ "እስቲ ምን አለ?" ይሏቸዋል። የተናገሩት እኔ ከጻፍኩት ከተለየ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተመልሼ እጽፋለሁ። አንድ ቀን "ባለድርሻ አካላት ተወያዩ" ብዬ ባነብላቸው ጥበቃው ከንፈራቸውን መጠጡና፣ "ማን ሞቶ ነው ወራሾቹ የተሰበሰቡት?" አሉ። ያን ቃል ከዚያ በኋላ አልጻፍኩትም።

የወንጀል ዜና ሲሆን ደግሞ አቶ ተገኘ ሌላ ሥርዓት ነበራቸው። ፖሊስ የሰጠኝን መግለጫ ይዤ ስመጣ፣ "ሰውየውን አየኸው?" ይሉኛል።

"የትኛውን?"

"የተያዘውን ነዋ። ፖሊሱንማ አይተኸው መጣህ።"

ካላየሁት ዜናው ያድራል። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ፍርደኛ የሚባሉትን ሦስት ቃላት አደባልቆ የጻፈ ሰው ያን ሳምንት የአየር ጠባይ ዘገባ ብቻ ያነባል። ተከሳሹ አጥፍቷል ብለን ብናምን እንኳ ተጎጂ መስሎ ወይም ከፍቶ እንዲታይ አንዲት ቃል መጨመር ክልክል ነበር። "ያደረገውን ተናገር፤ ያላደረገውን አትጨምርለት፤ ያደረገውንም አታሳንስለት" ይሉ ነበር። ሥራዬን በሙሉ የመራኝ ይኸው ነው።

ከዚያ ወደ ቆላ ወረድኩ። መጀመሪያ አብርሃ ጅራ፣ ቀጥሎ መተማ፣ በመጨረሻ ሸሕዲ። የበረሃ አበሉ የሚያወላዳ አልነበረም፤ ወባው ግን በየዓመቱ ሳይቀር ይከፈለኝ ነበር። አለቆችም ተፈራረቁ። ከስብሰባ በቀር ዜና የማይመስለው ነበር፤ የሰሊጥ ዋጋ ካልተነገረ ጣቢያው የሚዘጋ የሚመስለውም ነበር። ሁሉንም ተቀብዬ ሠርቻለሁ። ከወዲያ ማዶ ሱዳን ጦርነት ሲነሳ መንገድ ዳር ያደሩትን ሰዎች ድምፅ ቀርጬ ልኬአለሁ። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው።

በእኛ በኩል ካናቢስን ባንጎ ይሉታል፤ ቃሉ ከማዶ የመጣ ነው። በአዝመራ ወቅት ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ብዛት ያለው ነው። አብዛኛው ሰሊጡን አጭዶ፣ ደመወዙን ተቀብሎ፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጥቂቱ ድካሜን ያስረሳኛል ብሎ ባንጎውንና ክኒኑን ይለምዳል። ሌላው ደግሞ ይሸከመዋል። ባለ ዕቃው ራሱ አይሸከምም። ኬላው ላይ የሚያዘው ሁልጊዜ የተሸከመው ነው። ይህን ለዓመታት ችሎት እየተቀመጥኩ አይቻለሁ፤ ከተፈረደባቸው መካከል የራሱ መኪና ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ይርጋ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ከጎጃም የመጣ፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ የሰሊጥ አጫጅ። በወባ ታሞ ሥራ ሳይሠራ ወቅቱ አለፈበት። ወደ አገሩ መመለሻ አጣ። አንድ ሰው ሸሕዲ ላይ አገኘውና፣ ይህን ጆንያ በሚኒባስ አድርገህ መተማ አድርስልኝ፣ የአገርህን መሳፈሪያ እከፍልሃለሁ አለው። ይርጋ ጆንያውን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጫነ። መንገድ ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ኮኪት ከተማ ሳይደርሱ ኬላ ላይ ፍተሻ ነበር፤ ጆንያው ተፈታ፤ ይርጋ "የእኔ ነው" አለ። ባለቤቱ ከፊት በሌላ መኪና ነበር፤ አልቆመም።

አቶ ተገኘ እንዳስተማሩኝ ሄጄ አየሁት። ብዙ ሰው እንደሚሞክረው፣ ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር ብሎ አልተከራከረም። ፍርድ ቤት ቀርቦም ጥፋቱን አምኗል። ወዳጆቹ ግን፣ "ሳያውቅ ነው በልልን፤ የዋህ ነው በልልን" ብለው ለመኑኝ።

"ያውቅ ነበር" አልኳቸው። "እሱ ራሱ ያለውን እኔ አልሽርም።"

"እንግዲያው ምን ልትረዳው ነው?"

"ልረዳው አልመጣሁም። የሆነውን ልነግር ነው የመጣሁት።"

በዚህ ተቀይመውኛል። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ የሚያውቅ ሰው መቀጣቱ ግልጽ ነው፤ በምን ልክ ይቀጣ?

ያን ሰሞን ኬላዎች ላይ የተያዘው ባንጎ በዝቶ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። እኔም ኮኪት ላይ የሕዝብ ውይይት አዘጋጀሁ። የሥራ ዘመኔ ትልቁ ውድቀት እሱ ነው። አዳራሽ ተገኘ፤ ወንበር ተደረደረ፤ ከፊት ባለሥልጣናት፣ ከእነሱ ቀጥሎ ፖሊሶች፣ ከኋላ ሠራተኞች ተቀመጡ። የተናገረው ሁሉ ከፊት ነበር። "ሕጉ ይጥበቅ፤ ቅጣቱ ይክበድ።" ማይኩን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ፣ "እኔ ዛሬ ነው የመጣሁት" አለ። ጎኑ ያለው፣ "እኔም ከእሱ ጋር ነው የመጣሁት" አለ። አንዱ ግድግዳውን ተደግፎ የተኛ መሰለ፤ ተኝቶ እንዳልነበረ ዓይኖቹ ይናገሩ ነበር። የቀረፅኩትን ይዤ ሄድኩ፤ ተላለፈም። የሰማ ሁሉ ቆላው በአንድ ድምፅ ከባድ ቅጣት ጠየቀ ብሎ ተረዳ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በይርጋ ላይ ከባድ እስራት ተፈረደ። የእኔ ዝግጅት ተፅዕኖ አድርጓል የምልበት ማስረጃ የለኝም፤ አላደረገም የምልበትም የለኝም። አቶ ተገኘ ያኔ ጡረታ ወጥተው ጎንደር ቤታቸው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ደወሉልኝ።

"ሰማሁት" አሉ።

"እንዴት አገኙት?"

"ሰው የለበትም።"

ስልኩን ዘጉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

በቀጣዩ አዝመራ አንድ ማምሻ ላይ ከሸሕዲ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሰሊጥ እርሻ ነበርኩ። ሠራተኞቹ ከሥራ ተመልሰው ድንኳኑ አጠገብ ተሰብስበው ይስቃሉ። ችሎት ተቀምጠዋል። የቆየ የካምፕ ጨዋታ ነው፤ ስኳር የሰረቀ፣ ሲያንኮራፋ ጓደኞቹን ያላስተኛ ሰው ይከሰሳል። ዳኛ ይሰየማል፤ እንደ ጥንቱ ሙግት፣ "ተጠየቅ!" "ልጠየቅ!" እየተባባሉ ይሟገታሉ። የተፈረደበት ውኃ ይቀዳል። ከተከሳሾቹ አንዱን አወቅሁት፤ ኮኪት ላይ ተኝቶ የነበረው ሰው ነው። እዚህ ግን ምላሱ እንደ ማጭድ ነበር። ስሙ እንየው ነው፤ ጎጃሜ ነው።

ሌላ ነገር መፈለግ አላስፈለገኝም። እነዚህ ሰዎች መናገር አላቃታቸውም፤ ያቃታቸው እኔ ያቀረብኩላቸው ወንበር ነበር።

ሁለተኛውን ክርክር ሸሕዲ፣ ሠራተኛ የሚቀጠርበት ሜዳ አጠገብ፣ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ አደረግነው። ወንበር አላስመጣሁም። ዐቃቤ ሕጉንና ፖሊሶቹን ከሰው መሐል ተበትነው እንዲቀመጡ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። ድምፅ እንደሚቀረፅ በግልጽ ተናገርኩ። የይርጋ ጉዳይ ይግባኝ ላይ ስለነበር ስሙ እንዳይነሳ አሳሰብኩ። የሚከሰሰው በዓለም ላይ የሌለ አንድ ተሸካሚ ነው፤ ከነዝናቡ ከነጆንያው ተይዟል እንበል አልኩ። ተሸካሚውን እንየው ሆነ። ዳኛ እንዲሆኑ ሐጂ ኑሩን መረጡ፤ ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ የገበያ ጠብ ሁሉ እሳቸው ሱቅ በር ላይ ነው የሚያልቀው።

ከሳሽ የሚሆን አንድ ረጅም ሠራተኛ ተነሳ። ከበሩ አካባቢ አንዲት ሴት፣ "ተቀመጥ አንተ! የምከሰው እኔ ነኝ" አለችና መሐል ገባች። ወይዘሮ ዘርፌ ናት። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት፤ ሸሕዲ ውስጥ የማያውቃት የለም። ብቸኛ ልጇ አዲሱ የትራክተር ረዳት ነበር። ባንጎውን ከክኒን ጋር ለመደ፤ አሁን ጓዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰው አያናግርም።

"ተጠየቅ!" አለች።

"ልጠየቅ!" አለ እንየው።

"በማን ፊት?"

"በሐጂ ፊት። ዕዳዬን ካልነገሩብኝ።"

"ጆንያ ተሸክመሃል ወይስ አልተሸከምክም?"

"እማማ፣ እኔ ያልተሸከምኩት ምን አለ? እኔን ሰው የተሸከመኝ እናቴ ሆድ ውስጥ ሳለሁ ብቻ ነው!"

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ዘርፌ አልሳቀችም።

"ውስጡ ምን ነበር?"

"ሽታው ነግሮኛል።"

"እያወቅህ ነው የጫንከው?"

"እያወቅሁ ነው።"

"ማን እንደሚያጨሰውስ አውቀሃል?"

"እሱን አላሰብኩም" አለ እንየው። "ወደ አገሬ የምገባበትን ነበር የማስበው።"

"እንግዲያው እኔ ልንገርህ። ያጨሰው ልጄ ነው።"

ከዚህ በኋላ የቀረፅኩት ዝምታ ረጅም ነው። ስናስተላልፈው አልቆረጥኩትም። እንየው ኮፍያውን አወለቀ። "ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ" አለ። ያን ጊዜ ሚናውን እየተጫወተ ይሁን የራሱን እየተናገረ እኔም አልለየሁም።

ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ዳኛ ነኝ፤ መጠኑን ልወቅ" አሉ። "ምን ያህል ነው የተሸከምከው?"

"ሚዛኑ ያለውን ያህል ነዋ፣ ሐጂ።"

"እንዴት ተመዘነ?"

"እንደተያዘ። ገና አልደረቀም፤ ግንዱ አለ፣ ሥሩ አለ፣ አፈሩ አለ። ጣሪያ ላይ ዝናቡን ሲጠጣ ነው የዋለው። ጆንያውም አብሮ ወጣ።"

ሐጂ እጃቸውን አጨበጨቡ። "ወላሂ! እኔ ሰሊጥ እንዲህ መዝኜ ብሸጥ ከዚህ አገር አታባርሩኝም?"

ከኋላ አንድ ገበሬ ጮኸ፤ "እርስዎማ በተገላቢጦሽ ነው! ለጆንያው ብለው ጀምረው የእግሬንም ክብደት ይቀንሱብኛል!"

"ያንተ ሰሊጥ ግማሹ አፈር ነው፤ ዝም በል!"

ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሱ። ቅጣት ሲወሰን የዕፁ መጠን ትልቅ ቦታ እንዳለው ዐቃቤ ሕጉ ቀደም ብሎ አስረድቶ ነበር። "እንግዲያው" አሉ ሐጂ፣ "ሰሊጥ ሲመዘን የጆንያው ክብደት ይነሳል፤ እርጥቡ ይደርቃል፤ ጉድፉ ይበጠራል። የሰው ዕድሜ ሲመዘን ለምን ከነጆንያው ይሆናል?"

ዐቃቤ ሕጉ ከተቀመጠበት ሆኖ ተናገረ፤ የተናገረውም ቀላል አልነበረም። "አባቴ፣ ስለ ሚዛኑ ያሉት ይሁን። ተሸካሚው ግን አሳዝኖን ቅጣቱን ብናቀልለት፣ ነጋዴው ነገ አሥር ደሃ ይቀጥራል። 'አትፍራ፣ ቀላል ነው' ይለዋል። ለእኚህ እናትስ ምን እንመልስ?"

ሰው ሁሉ ወደ ዘርፌ ዞረ። እኔ የጠበቅኩት ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ትቆማለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ "የጆንያውን ቀንሱለት" አለች። "የዝናቡንም ቀንሱለት። የልጄን ግን እንዳትቀንሱለት። እሱ የራሱ ዕዳ ነው።" ከዚያ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞረች። "ባለ ጆንያውስ የት አለ? እሱን ስታጡት የእሱን ጎደሎ በዚህ ልጅ ላይ እየሞላችሁ እንዳይሆን!"

ዐቃቤ ሕጉ፣ "እየፈለግነው ነው" አለ።

"ፈልጉ። ሻይ በነጻ አጠጣችኋለሁ፤ ብቻ ፈልጉ።"

ሐጂ ፈረዱ። "ተሸካሚው በተሸከመው ልክ ይታሰር። ያሸከመው ይፈለግ። ሲገኝ ግን ለእሱ ጆንያውም ዝናቡም ይመዘንበት!" ከዳር እስከ ዳር ተጨበጨበ።

ዝግጅቱ ሲተላለፍ ስልኬ ዕረፍት አጣ። "የሐሺሽ ነጋዴ ጠበቃ ሆንክ ወይ?" ያለኝ ነበር። ልጇ እንደ አዲሱ የሆነባት ሌላ እናት ደውላ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። አቶ ተገኘም ደወሉ። "ዛሬ ሰው አለበት" ብለው ዘጉ።

የይርጋ ተከላካይ ጠበቃ ወጣት ሴት ናት። ዝግጅቱን ሚኒባስ ውስጥ ሰምታ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ድርሻው ተሸካሚነት ብቻ መሆኑንና ጥፋቱን ማመኑን በይግባኙ ላይ አስቀድማ ጽፋለች። ሚዛኑን ግን አላነሳችውም ነበር። በኤግዚቢትነት የተያዘው ባንጎ ጆንያው ተነስቶ፣ ግንዱና ሥሩ ተለይቶ እንደገና እንዲመዘን አመለከተች። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፈቀደ። በመጋዘን ቆይቶ ደርቆ ስለነበር መጠኑ በእጅጉ ወረደ።

ውሳኔው የተነበበ ዕለት ጎንደር ሄጄ ችሎት ተቀመጥኩ። ጎኔ መጥታ የተቀመጠችው ዘርፌ ናት።

"አንቺም መጣሽ?" አልኳት።

"እንዳይለቁት ልጠብቅ ነው" አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

ችሎቱ ጥፋተኛነቱን አጸና። የዕፁን ንጹሕ መጠን፣ በድርጊቱ ውስጥ የነበረውን ድርሻና ማመኑን ተመልክቶ ቅጣቱን በብዙ ቀነሰው። ይርጋ በደንብ የገባው አልመሰለኝም። ጠበቃዋ ጠጋ ብላ ነገረችው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዘርፌ ጠበቃዋን በር ላይ ጠበቀቻት።

"እናቱ መጥታለች?"

"ሩቅ ናት፤ አልቻለችም።"

"ሲፈታ በእኔ በኩል ይለፍ በይው።"

"ለምን ፈለጉት?"

"ይለፍ በይው አልኩሽ።"

እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይርጋ በአመክሮ ተፈታ። በዚህ መካከል የኬላ ሚዛን ነገር ተለውጧል የሚሉ አሉ፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት በተከታተልኳቸው ሁለት ክሶች ላይ ጆንያው ተነስቶ መመዘኑን ብቻ ነው። ክርክሩም አልሞተም፤ ዐቃቤ ሕጉ ሻይ ቤት ተቀምጦ ከሐጂ ጋር ሲሟገት አያለሁ። አንድ ባለ ጆንያ ተይዞ ጉዳዩ እየታየ ነው። ተከሳሽ ነው፤ ከዚህ በላይ አልልም።

ይርጋ የመጣ ዕለት ዘርፌ ቤት ሻይ እየጠጣሁ ነበር። በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል፤ የለበሰው ሸሚዝ የሌላ ሰው ይመስላል።

"እመት ዘርፌ የሚባሉ..." አለ።

"ግባ" አለች። "ምን ቆመሃል?"

አልገባም። "እማማ፣ የላኩብኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሊረግሙኝም ከሆነ መብትዎ ነው።"

"መርገም አሰኝቶኝ ነበር። ቆየ። አሁን ግባ።"

በጓዳው በር አስገባችው፤ እኔም መጋረጃው ተገልጦ ስለነበር አያቸዋለሁ። አዲሱ ፍራሽ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ይርጋ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዘርፌ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አቅርባ በሩ ላይ ቆመች። አዲሱ ብርጭቆውን አየ፤ ይርጋን አየ።

"ከየት መጣህ?" አለው።

ዘርፌ የበሩን መቃን ያዘች። ልጇ ሰው ሲጠይቅ ከሰማች ብዙ ጊዜ ሆኗታል።

"ከእስር ቤት" አለ ይርጋ።

"ምን አድርገህ?"

ይርጋ ቀና ብሎ ዘርፌን አየ። ፈቃድ የሚጠይቅ ዓይን ነበር። እሷ ወደ ልጇ አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለች።

"ንገረው" አለች። "ሳትቀንስ ንገረው።"

ይርጋ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና ከወባው ጀመረ።